የታገደው እሹሩሩ

ባለቤቴ የሞተችው ልጃችን ስድስት ወር ሲሆናት ነው። ራሷ የደረሰችውን እሹሩሩ በካሴት ቀርጻ ነበር፤ ልጅቷ ያለ እሱ አትተኛም። አንድ ቅጂ ሩቅ አገር ላሉት አማቴ እንዲያባዛልኝ አዋሳ መሃል ከተማ ላለ ሙዚቃ ቤት ብሰጠው፣ ባለሱቁ ለራሱም አስቀርቶ ይቸበችበው ጀመር። ከሰስኩት።

ዳኛው ሽያጩን አገዱልኝ። ለማስረጃ ያቀረብኩትን ካሴቴን ላነሳ ስል የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እጄን ያዘኝ።

«ጓድ፣ ይሄ ኤግዚቢት ነው። እስከ ፍርድ እዚህ ይቆያል።»

«የሚስቴ ድምፅ እኮ ነው!»

«ለዚህማ ነው ማስረጃ የሆነው።»

የሰረቀው እሱ፣ ባዶ እጄን የገባሁት እኔ! ልጄ ከሰዓቱን ሙሉ አለቀሰች። አዝያት ሙዚቃ ቤቱ ሄድኩ።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አለ ባለሱቁ።

«አንድ ካሴት ሽጥልኝ።»

«አሳገድከኝ እኮ፣ ወንድሜ!»

«አውቃለሁ» አልኩና የሱቁን በር ራሴ ዘጋሁት።