ዓለምነህ የላከው መኪና

እንግዳው የሚባል ሰው ወረታ ከተማ ላይ ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። እጁ የተባረከ ነው፤ አፉ ግን እሳት። ዕቃ ሰብሮ የመጣን ሰው መጀመሪያ ይቆጣዋል፣ ከዚያ ይሠራለታል። ደንበኞቹም ቁጣውን እንደ ምርቃት ለምደውታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ እማዋይሽ ከቁሐር ሚካኤል መንደር መጡ። ልጃቸው ዓለምነህ ከዓረብ አገር ለሴት ልጁ ለመባ የላከላትን፣ በሪሞት የሚነዳ አሻንጉሊት የጭነት መኪና በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። እንግዳው ሲያያቸው የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ዓለምነህ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አገሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰሙት እናቱ እትዬ እማዋይሽና አባቱ ቄስ ማርቆስ ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ለማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀጥረውታል፤ እስከዚያ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ነው። ደግ ልማድ ነው ይላሉ፤ ለማን ደግ እንደሆነ እንጃ።

«ያጓራል እንጂ አይሄድም» አሉ እትዬ እማዋይሽ። «አብጀውና ሲሄድ በስልክህ ቅረጸው፤ ለዓለምነህ ትልክልኛለህ።»

እንግዳው ሪሞቱን ተጫነ። ሞተሩ ይዞራል፤ ጎማው ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ ባትሪውም ሞተሩም ደህና ናቸው፤ ጉዱ ከሞተሩ እስከ ጎማው ባለው መሀል ነው። ፈታው። የማርሹ ጥርሶች መካከል ጭቃና የሩዝ ገለባ ተጠቅጥቋል። ከሞተሩ ጫፍ ያለችው ትንሿ ባለጥርስ ማርሽ ተሰንጥቃ፣ ዘንጉ ውስጧ በባዶ ይሽከረከራል።

ሌላ ቀን ቢሆን «ይህ መኪና ነው ወይስ በሬ? ማሳ ውስጥ የነዳችሁት!» ብሎ አገር ይያዝልኝ ይል ነበር። ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ከአሮጌ ቴፕ ተመሳሳይዋን ነቅሎ ተካ። ጥርሶቹ ተጣብቀው እንዳይፋጩ መሀላቸው ስስ ወረቀት አስገብቶ ብሎኑን አጠበቀ፤ ከዚያ ወረቀቱን ስቦ አወጣ። መኪናው ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ሄደ።

እትዬ እማዋይሽ መኪናውን አላዩም።

«እንግዳው፣ ዛሬ ምነው ሳትቆጣኝ?»

ሊዋሽ ፈልጎ አቃተው፤ የተሠራውን መኪና ይወለውል ጀመር።

«ዓለምነህ ነው?»

አንገቱን ደፋ። እትዬ እማዋይሽ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱና ድምፅ ሳያወጡ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንግዳው ቆሞ ከማየት በቀር ያደረገው የለም፤ በራሱ አፈረ። ብዙ ቆይተው ፊታቸውን ጠረጉ።

«መርዶውን መቼ ነው የምንረዳው?»

«ነገ፣ ጎህ ሲቀድ።»

«እንግዲያ ማወቄን ለማንም እንዳትናገር። ቄሱ ዛሬን እንኳ እራታቸውን በልተው ይተኙ።»

መኪናውን በጨርቁ ጠቅልለው ተነሡ። መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ፈገግ ብለው ሰላም እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።