ሦስት ጊዜ የሚጠራ ስም

ባሌ በሊቢያ አድርጌ ባሕር እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እኔ ካርቱም ቀርቼ ቀን አርካዊት ሰፈር በሰው ቤት እያጸዳሁ፣ ማታ ማዮ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል እያደርኩ ዓመታት ጠበቅሁት። መጠበቁ ሲመረኝ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ባሏ የጠፋባትን ሴት ዳኛው ያፋቷታል ሲሉ ሰምቼ ነበር። አገሬ ወሎ ስገባ ባለባል ነሽ ወይስ ፈት ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዲኖረኝ ፈለግሁ።

ጸሐፊው ታዲያ የባልሽን መጥፋትና ብቻሽን መኖርሽን የሚመሰክሩ ሁለት ወንዶች አምጪ አለኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ኑሮዬን የሚያውቁ ሁለት ወንዶች ካሉኝ ምኑን ብቸኛ ሆንኩት? መጀመሪያ አከራዬን ለመንኩ፤ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ እሺ አሉኝ። ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን የሚኖር የአገሬ ልጅ ነበር።

ጊዜው አሮጌው መንግሥት ወድቆ አዲሱ ገና ያልቆመበት ነው። ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ድልድዮቹ ይዘጋሉ፤ የአገሬ ልጅ ማዶ ይቀራል፤ የእኔም ቀጠሮ ይተላለፋል።

በችሎቱ በር ላይ ቆመው ባለጉዳይ የሚጠሩ፣ ሐጂብ የሚሏቸው አዛውንት ነበሩ። ባልየው ኖረም አልኖረ ስሙ ግቢው ውስጥ ሦስት ጊዜ መጠራት አለበት። በየቀጠሮው የባሌን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠሩታል። ሌላው ሰው ሁሉ ስሙን ትቶታል። አከራዬ «ባልሽ» ይሉታል፤ የአገሬ ልጅ ደግሞ «ያ ሰውዬ»። አዛውንቱ ሲጠሩት ግን አንገቴ ሳላዘው ወደ ውጭው በር ይዞራል። ልፈታው መጥቼ የምጠብቀው እኔው ነኝ፤ በራሴ እናደድ ነበር።

በመጨረሻው ቀጠሮ ድልድዩ እንደገና ተዘጋ። የአገሬ ልጅ ደውሎ መሻገር አልቻልኩም አለኝ። አከራዬ ቃላቸውን ሰጡ፤ ሁለተኛ ምስክር ግን የለም። ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሊሰጡኝ ሲሉ ሐጂቡ ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

«መውላና፣ እኔ ልመስክርላት» አሏቸው ዳኛውን።

ዳኛው ፈገግ ብለው ምን እንደሚያውቁ ጠየቋቸው።

«ስሙን ስጠራ ዞራ የምታየው እሷ ብቻ ናት። ወላሂ፣ አንድም ቀን አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አላየሁም።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያዩኝ መኖራቸውን አላወቅሁም ነበር። ዳኛው አስምለው ቃላቸውን ተቀበሉ፤ እኔም ከባሌ ተፋታሁ።

ወረቀቴን ይዤ ስወጣ ሐጂቡን አመሰገንኳቸው። «ያላ፣ አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ግቢውን ሳልጨርስ ከኋላዬ ስም ሲጠሩ ሰማሁ፤ እንደ ልማዴ ወደ በሩ አየሁ። የሌላ ሰው ስም ነበር። ካርቱም ውስጥ ባሌን በስሙ የሚጠራልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከእንግዲህ እሳቸውም አይጠሩትም።