አሞሌ የጨመርኩበት የምጽዋ ውሃ

አሞሌ ጨው በመጥረቢያ ሲፈለጥ ሰምተህ ታውቃለህ? ቀጭ ይልና ነጭ ብናኙ አፍንጫህ ውስጥ ይገባል፣ ምላስህ ሳትቀምሰው ይኮመትራል። ትናንት ገበያ አንዲት ሴት ለከብት የሚሆን አሞሌ ስትፈልጥ ቆሜ አየሁና ደሜ ፈላ። «ምን ሆኑ እትዬ?» አለችኝ። ትቻት ሄድኩ። ለአንተ ልንገርህ፤ ግን አታቋርጠኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ደብረ ታቦር አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ አሞሌ ነጋዴ ነበረች። የባዮሎጂ መምህራችን ከምጽዋ ተዛውሮ የመጣ ክፉ ሰው ነበር። እሱ እያልኩ ነው የማወራው፤ ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፣ ሆዴ ግን አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብሎት አያውቅም።

ሲመጣ ሻንጣው አንድ፣ ጀሪካኑ ሦስት ነበር። ጀሪካኖቹ ውስጥ የባሕር ውሃና ከባሕር የወጣ ድንጋይ ነበረ። የመስታወት ሳጥን አሠርቶ ላቦራቶሪው መስኮት ሥር፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ አስቀመጠና ሞላው። ክፍሉ የረጠበ ብረት ሸተተ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከድንጋዮቹ ሥር ዓይን የማይሞሉ ፍጥረቶች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ አንዱ ይሽከረከራል፣ አንዱ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ምንነታቸውን እሱም አያውቅም። ያለን አንድ ማይክሮስኮፕና ግማሹ የተቀደደ አንድ መጽሐፍ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነበር። አዲስ ነገር ያየ ይሥለዋል። መምህሩ ሕይወት እንዳለው ካመነ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከሥሩ ያየው ተማሪ ስም ይጻፋል። ስሙ ከመጽሐፍ እስኪገኝ በቁጥሩ ይጠራል። አሥራ አንድ ደርሰን ነበር፤ አንዱም የእኔ አይደለም። ከፊቴ የሚቀመጠው ልጅ ሦስት ቁጥር ስላገኘ መሬቱ አይበቃውም ነበር።

ውሃው አየር እንዲያገኝ ተራ በተራ በብስክሌት ፖምፓ እንነፋለን። አንድ ቀን በተራዬ ነፍቼ ስጨርስ፣ ውሃው ጸጥ ሲል፣ ከአንድ ድንጋይ ጎን የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ፀጉር የመሰሉ ክሮቿን ዘረጋች። ትንፋሼን ዋጥኩ። በሩ ሲንኳኳ እጥፍ አለች።

እየሮጥኩ ጠራሁት። ያን ከባድ ጫማውን እያንኳኳ፣ እያሳለ መጣ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። አጎንብሶ አየና «ይቺማ የጨው ቅንጣት ናት» አለ። «ጨው ሻጭ ቤት ያደገ ሰው ዓይኑ ሌላ ነገር አያይም።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያ ባለ ሦስት ቁጥሩማ ጠረጴዛ እየደበደበ ነው የሳቀ።

እናቴን ነው የነካው! የዚያን ቀን ጠላሁት፣ አጥብቄ ጠላሁት። ቤት ገብቼ ሳለቅስ እናቴ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል፤ ተነሽ ወደ ትምህርትሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ያቺን ፍጥረት እየሣልኩ ጠረጴዛው ላይ አኖርለታለሁ፣ እሱም ያለ አንዳች ቃል ይመልስልኛል። ሰላምታውን ተውኩት። እሱም አዛጋሽ ብሎ ከክፍል አባረረኝ።

በሚያዝያ ለመምህራን ሴሚናር ጎንደር ተጠራ፣ ለሁለት ሳምንት። በሁሉ ፊት የላቦራቶሪውን ቁልፍ ወረወረልኝ። ለምን ለእኔ እንደሆነ አልገባኝም። «ጠዋትና ማታ ንፊ። ውሃው ከዚህች ቀይ መስመር ሲጎድል ሙይው» አለ። በምን? ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት! ግን እንደገና ከሚስቅብኝ ሞቼ ብገኝ ይሻለኝ ነበር።

ፀሐዩ ያቃጥላል፤ በአምስተኛው ቀን ውሃው ሁለት ጣት ጎደለ። የጎደለው የጨው ውሃ ነው፣ ጨውም አብሮ ጎድሏል አልኩ። ዝም ብዬ የጉድጓድ ውሃ ባፈስበት ይቀጥናል። ስለዚህ ከእናቴ ክምር ነጭ ነጩን አሞሌ መርጬ ወቀጥኩት፣ በጥብጬ እየቀመስኩ ከሳጥኑ ውሃ ጋር አስተካከልኩት፣ እስከ መስመሩ ሞላሁ። ኩራቴን ብታይ! ከእኔ በላይ ጨው የሚያውቅ ማን አለ? ሁለቴ ደገምኩት።

ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የእኔዋ አልዘረጋ አለች። እየተሽከረከሩ ይዋኙ የነበሩት ታች እንደ ዱቄት ተኝተዋል። ክፍሉ ከረፋ።

መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

«ምን ጨመርሽ?»

«አሞሌ።»

«ጨው እኮ አይተንም» አለ በቀስታ። «የሚተነው ውሃው ብቻ ነው።»

ክው አልኩ። ግን ይቅርታ እንደ መጠየቅ፣ ወይ እንደ ማፈር፣ ጮህኩበት፦ «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የጨው ነጋዴ ልጅ ነሽ፤ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

እየተሳለቀብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። አልነበረም። የምሩን ነው።

ከካፖርቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋው። የእኔዋ ናት፣ በራሱ እጅ ሥሏታል፣ ክሮቿን እንደዘረጋች። ከሥሯ «ቁጥር አሥራ ሁለት» ይላል፤ ከዚያ የእኔ ስም ከነአባቴ። ጎንደር ሊሄድ በተነሣበት ጠዋት ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገብቶ፣ እስክትዘረጋ ሳይነቃነቅ መቀመጡን ነገረኝ። ጎንደር ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ አገላብጦ ስሟን አጥቷል። ወረቀቱን ከአሥራ አንደኛው ጎን ለጠፈው።

«ሌላ ውሃ ያስመጡ» አልኩ፣ አሁንም በቁጣ።

«የምጽዋ መንገድ ዝግ ነው» አለኝ። «ሚስቴም እዚያው ቀርታለች።»

ሚስት እንዳለው ማናችንም አናውቅም ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።

ክረምት ሲገባ ተዛወረ አሉን፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም። በመስከረም ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ጠበቀን፤ ወረቀቶቹ የሉም። የመስታወቱ ሳጥን ጥግ ላይ ባዶውን ተቀምጧል፣ ቀይ መስመሩ ላይ ነጭ ጨው ደርቆበት። ልጆቹ ሲያጥቡት እኔ አላገዝኩም።

የዚያች ፍጥረት ስም ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእኔ አሥራ ሁለት ናት። ያቺ ገበያተኛ ትናንት ምን ሆኑ ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው ለእሷ የሚሆን መልስ አልነበረም። «መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ» ነበር የመጣው።