ሳይታይ የተጠረገ ካንዴላ

የታሰርኩት ከመቂ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአምራቾች ማኅበር ማሳ ላይ፣ የውኃ መሳቢያውን ሞተር ፈትቼ ሳለሁ ነው። ሞተሩ ከቆመ ሰንብቷል። ሽንኩርቱ ከጫፉ ቢጫ ሆኖ መተኛት ጀምሯል። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥቼ በመዳፌ ላይ ሳገላብጠው ሁለት ታጣቂዎች ደረሱ። አንደኛው ነጥቆኝ በጋዜጣ ጠቀለለው።

"ይኼ ማስረጃ ነው" አለ።

እጄን ልታጠብ ብዬ ብለምን ሳቀ። "እዚያ ትታጠባለህ፤ ሳሙናም አለልህ።"

እስር ቤቱ የተወረሰ የሽንኩርት መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነው። የበሰበሰው ልጣጭ ሽታ ዐይን ያቃጥላል። ጥግ ላይ የማኅበሩ ነዳጅ ጠባቂ የነበሩት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"አንተንም አመጡህ፣ ኢልመ ኮ?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲያወሩ ኦሮምኛውንና አማርኛውን ይደባልቃሉ።

"አመጡኝ፣ አባ።"

"ካንዴላውን አየኸው?"

"አየሁት።"

ማየቴ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ቤንዚን በደንብ የሚነድበት ሞተር የካንዴላው ጫፍ የተቆላ ስንዴ ይመስላል። ያወጣሁት ግን ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ላምባ ላምባ ይሸታል። ቤንዚኑ ላይ ላምባ ተጨምሮበታል።

"የማኅበራችን ካድሬ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ሲሄድ መኪናውን ከማኅበሩ በርሜል ይሞላል። ጎደለ ስለው፣ 'ላምባ ጨምርበት፤ ሽንኩርት ምን ያውቃል!' አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሽንኩርት አያውቅም። ሞተሩ ግን አወቀ።" ብቻቸውን ሳቁ።

በማግስቱ ካድሬው አስጠራኝ። ሽንኩርቱ ለምን ደረቀ የሚል ጥያቄ ከበላይ መጥቶበታል። በርሜሉን አስቀድሞ አሳጥቦታል፤ አሁን የሚፈልገው ለጎደለው ቤንዚን ጥፋተኛ ነው።

"ነገ ከናዝሬት ሹም ይመጣል" አለኝ። "አንተ ባለሙያ ነህ። ካንዴላውን አይተህ ላምባ ነክቶታል በል፤ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን። ማታውኑ ቤትህ ትገባለህ።"

"ቤንዚኑን ማን ወሰደው ቢሉኝስ?"

"ሽማግሌው ነዋ የሸጠው! አሻጥር ነው።"

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የወሰደው ካድሬው ነው ብል ደግሞ እኔና ሽማግሌው አብረን እንሄዳለን።

ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተጣሉ ሞተሮች እየፈታሁ ነው የለመድኩት። አንድ ሕግ ግን ጥሼ አላውቅም፦ ካንዴላ መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ይጠረጋል። ሳያዩት የጠረጉት ካንዴላ ስለ ሞተሩ ምንም አይነግርም።

ሹሙ የቸኮለ ሰው ነበር። ወንበር ቢያቀርቡለትም አልተቀመጠም። ካድሬው ጋዜጣውን ፈትቶ ካንዴላውን ሰጠኝ።

"እንዲህ ቆሽሾ አይታይም፣ ጓድ" አልኩ። "መጀመሪያ መጽዳት አለበት።"

"ታዲያ አጽዳዋ!" አለ ሹሙ። "ምን ትጠብቃለህ?"

ክብሪት ለመንኩ። ካድሬው ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጫፉን በእሳት ለበለብኩት፤ እርጥበቱም ሽታውም ሄደ። ጥቀርሻውን በክብሪት እንጨት ፍቄ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት። የጫፉን ክፍተት በጥፍሬ ስለካው ትንሽ ሰፍቷል፤ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጌ አስተካከልኩት። ሥራውን አላጎደልኩም።

"እህ? ምን ታያለህ?" አለ ሹሙ።

"ካንዴላው ደህና ነው፣ ጓድ። ሞተሩ ነው ያረጀው።"

ሹሙ ወደ ካድሬው ዞረ። "ለዚህ ነው ከናዝሬት ያስመጣኸኝ?" ብሎ ወጣ።

ካድሬው ያደረግሁት የገባው ከሰዓት በኋላ የመኪናው ሾፌር ሲያስረዳው ነው። ውስጥ እግሬን አስገረፈኝ። ሽማግሌው ከጋቢያቸው ጫፍ ቀደው እግሬን አሰሩልኝ፤ እያሰሩም ተቆጡኝ።

"ምን ነካህ? እኔ አርጅቻለሁ። እሱ ነው ትላቸው ነበር!"

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ጠዋት ግን "አከም ቡልቴ?" አሉኝ፤ በአጥር ላይ እንደሚተያይ ጎረቤት፣ እንዴት አደርክ ብለው።

ብዙም ሳይቆይ በሌላ ክስ ወደ ናዝሬት ወሰዷቸው። ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው ሲመላለሱ ከርመው፣ አንድ ቀን በእስር ቤቱ በር ላይ "ከእንግዲህ አታምጪ" ተባሉ።

እኔን ከወራት በኋላ ለቀቁኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሰፈር ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ካድሬው ለሴትዮዋ "ባልሽ ላይ የመሰከረው መካኒኩ ነው" ብሏቸው ነበር። ባላቸው ሞተው እኔ በሕይወት መመለሴ ለሰው ሁሉ በቂ ማረጋገጫ ሆነ።

አንድ ጊዜ ላስረዳቸው ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ከፍተው አዩኝና መልሰው ዘጉት። ዳግም አላንኳኳሁም። ሊመሰክሩልኝ የሚችሉት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም ባላቸው ናቸው።

ካድሬውን ዛሬ በክፉም በደግም የሚያነሳው የለም። ሴትዮዋ በጣም አርጅተዋል። ገበያ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቆሜ አሳልፋቸዋለሁ። ሰላምታዬን አይመልሱም፤ እኔም መስጠቱን አልተውኩም።