ያሟሸሁት ሸክላ

ጻፍ ልጄ፣ እናትህም ታንብበው። ዛሬ ጓሮ ብወጣ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአያትህ ድምፅ ያለበት ሲዲ በሲባጎ ታስሮ ጎመኑ ላይ ይወዛወዛል። ለወፍ ማስፈራሪያ! «እማማ፣ ተጭሯል እኮ» ትለኛለች እናትህ። ማን ጫረውና!

እኔ ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ሰበታ፣ አጎቴ ኦቦ ቶላ የዘፈን ሸክላ ገዝተው መጡ። ሸክላ ነው ሲሉኝ ጊዜ፣ እንደ ድስት እንዳይሰነጠቅ ብዬ በጎመን ዘር አሽቼ እሳት ላይ አሟሸሁት። ተጣመመ።

«አንቺ! ዘፋኙን ልትጠብሺው ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ኋላ ሌላ ሸክላ አስያዙኝና፣ «ፊቱን አትንኪ፣ ጠርዙን ያዥ። ፀሐይ እንዳያገኘው። ውስጡ ሰው አለ» አሉኝ።

ይኸው ሲዲውን አውርጄ፣ ጠርዙን ይዤ በነጠላዬ እየጠረግሁት ነው። አያትህ ይናገሩ አይናገሩ እንጃ። ጎመኑን ግን ወፍ ይብላው!