የቅንድበ ቆራጣው አወዳደቅ

ነገሩ የሆነው ሁላችንም ማስክ እናደርግ በነበረበት ጊዜ፣ በ2021 ጸደይ ላይ ነው። ያኔ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ሕመምተኞችን በቫን አመላልስ ነበር። ምላሴ ሰው ሊገድል ምንም ያልቀረው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከማመላልሳቸው አንዱ ሚስተር ፉንግ የሚባሉ የሆንግ ኮንግ ሰው ነበሩ። ሬይኖልድስበርግ ከልጃቸው ከግሬስ ጋር ይኖራሉ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ፒክ አፕ አደርጋቸዋለሁ፣ እጥበቱ ሲያልቅ እመልሳቸዋለሁ። ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ከ“ጉድ ሞርኒንግ” ሌላ ቃል አይወጣቸውም። እኔ ደግሞ ሳላወራ መሪ መያዝ የማልችል ሰው ነኝ።

አንድ ረቡዕ መብራት ይዞን ቆመን በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሳይ ክው አልኩ። የዚያን ቀን ያደረጉት ማስክ ጥቁር ነው። ከማስኩ በላይ የሚታየው ዓይናቸውና ቅንድባቸው ብቻ ሲሆን፣ የግራው ቅንድብ መሃሉ ላይ በጠባሳ ለሁለት ተቆርጧል። ይህን ቅንድብ አውቀዋለሁ!

“ያ ረቢ! ቅንድበ ቆራጣው!” ብዬ በአማርኛ ጮህኩ።

ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። ሴት ልጅ እዚያ መታየት ነውር ስለነበር፣ ፀጉሬን ሸጉጬ የወንድሜን የሰይድን ኮፍያ ደፍቼ ነበር የምገባው። የሚታየው የቻይና ካራቴ ፊልም ነው። ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው የለም፣ ታሪኩ ግን ማንንም አይጠፋውም። እኛ ዘንድ “አክተር” ማለት ተዋናይ ማለት አልነበረም። አክተር በአንድ ፊልም አንድ ነው፤ ዋናው፣ ደጉ፣ የማይሞተው። የቀረው ሁሉ አክተር አይባልም።

ታዲያ በየፊልሙ ፊቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ በጣሪያ የሚመጣና በአክተሩ እጅ የሚሞት አንድ ሰው ነበር። ፊቱን አይተነው አናውቅም። የምናውቀው ያንን ቅንድብ ነው፤ ስሙንም ያወጣንለት በሱ ነው።

“ፊልም ይሠሩ ነበር እንዴ?” አልኳቸው።

ዓይናቸው በራ። “የስ” አሉ፣ “አክተር ነበርኩ።”

“ኖ፣ ኖ! ዩ ኖት አክተር! ዩ ዳይ ኦልዌይስ!” አልኩ በደስታ እየሳቅኩ። እንግሊዝኛው የሰፈሬን አማርኛ ተከትሎ የወጣ መሆኑን ልብ አላልኩም።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ደክሟቸው ነው ብዬ ተውኩት።

ዓርብ ጉዞውን ካንስል አደረጉት። ሰኞ ስሄድ ግሬስ ዓይኗ አብጦ ብቻዋን ወጣች።

“አባዬ አልሄድም ብሏል። ድሮም እጥበቱ ሰልችቶት ነበር፣ አሁን ጭራሽ በቃኝ አለ። ረቡዕ ምን ብለሽው ነው?”

ያልኩትን ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጣሪያ ሲወድቅ፣ በመስኮት ሲወረወር ኖሯል። አንድ ዳይሬክተር “በሚቀጥለው ፊልም ዋናው አንተ ነህ” እያለ አሥራ አንድ ዓመት አቆየው። ከዚያ ዳይሬክተሩ ሞተ። አባቷም ያንን ጨርቅ ከፊቱ ሳያወርድ አረጀ። “ዕድሜውን ሙሉ አክተር አይደለህም እንዳይሉት ሲፈራ ነው የኖረው። ያልሽው ደግሞ ይህንኑ ነው” አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ እጥበት አልፏቸዋል። ሁለተኛው ካለፈ ምን እንደሚመጣ በሥራዬ አይቻለሁ፤ ሰውነት ያብጣል፣ ከዚያ ልብ ነው የሚቆመው። እናቴ “ይቺ ምላስሽ!” ስትለኝ እስቅባት ነበር።

የሳሎኑ መጋረጃ ሲነቃነቅ አየሁና ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

“ጋሼ ፉንግ!” አልኩ። ጋሼ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ግን ሌላ መጥሪያ አልመጣልኝም። “መጀመሪያ ይስሙኝ፣ ከዚያ ያኮርፉኛል። እኛ ሰፈር አክተር ማለት የማይሞተው ነው። እርስዎ ይሞታሉ። ግን ቤቱ የሚያጨበጭበው እርስዎ ሲሞቱ ነበር! ከፊልም ወጥተን ስንጫወት ወንዶቹ ‘አንቺ ሴት ነሽ፣ ሙች’ ይሉኝ ነበር። እኔም መሞትን ከእርስዎ ተማርኩ። ቅንድቤን በአመድ ለሁለት እየከፈልኩ እርስዎን ሆንኩ። በኋላማ ወንዶቹ ራሳቸው ‘እኔ ልሙት፣ እኔ ልሙት’ እያሉ ይጣሉብኝ ጀመር።”

መጋረጃው አልተከፈተም።

ምን ላድርግ? ሻሼን አጠበቅሁና ሣሩ ላይ ቆሜ ደረቴን ያዝኩ። ዞርኩ። ወደቅኩ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በሥራ ዩኒፎርም! ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ጎረቤት ቆሞ አፈጠጠብኝ። ክርኔን ድንጋይ አገኘውና ዓይኔ ብልጭ አለ።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ፉንግ በነጠላ ጫማ ወጡ። ማስካቸውን ግን አልረሱም። ከላይ ሆነው ትንሽ ተመለከቱኝ።

“ሮንግ” አሉ። “መጀመሪያ ጉልበት። ከዚያ ዳሌ። ከዚያ ትከሻ። እጅ መጨረሻ ነው። ክርን መሬት አይነካም።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት በስህተት ነዋ የሞትኩት!” አልኩ እዚያው እንደተዘረርኩ።

ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ግሬስ ሮጣ ጫማቸውን አመጣችና አጠለቀችላቸው። ቫኑ ውስጥ ገቡ። እኔም ክርኔን እያሻሸሁ ነዳሁ።

ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ማለቂያ አጣ። የውሸት ደሙ ስኳር እንደሚበዛበትና ዝንብ እንደሚጠራ፣ ከጣሪያ ሲወድቁ ከታች የሚነጠፍላቸው ባዶ ካርቶን እንደነበረ አጫወቱኝ። ያ ዳይሬክተር “አንተ በደንብ ካልሞትክ የሱ ማሸነፍ ውሸት ይሆናል” ይላቸው እንደነበርም ነገሩኝ። እኔ ደግሞ አማርኛ አስተማርኳቸው። ቶሎ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነው።

በ2022 ግሬስ ሥራዋን ወደ ካሊፎርኒያ ትራንስፈር አደረገች። የመጨረሻው ቀን ከእጥበት መልሼ ቤታቸው አደረስኳቸው። ወርደው እጄን ጨበጡኝ። ጥቂት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ደረታቸውን ያዙ። ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ከዚያ ዳሌያቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው፣ ሣሩ ላይ ወደቁ።

ወላሂ፣ ቅደም ተከተሉን ያስታወስኩት በኋላ ነው። “ኡኡ!” እያልኩ ሮጬ ተንበረከክኩ። ስልኬ ከእጄ አመለጠኝ። ትንፋሻቸውን ላዳምጥ ጎንበስ ስል እጃቸውን አንስተው ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱት። ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ጥርሳቸው ወልቋል፣ ጉንጫቸው ላይ ስርጉድ አለ።

“አክተር አይሞትም” አሉኝ፣ በአማርኛ።

እያለቀስኩ ሰደብኳቸው። እየሳቅኩም ነበር። ደግፌ አነሳኋቸውና ሣሩን ከኮታቸው ላይ አራገፍኩላቸው።

የግሬስ ስልክ አለኝ። እስካሁን ግን አልደወልኩም። የማልፈልገውን ነገር እንዳልሰማ ነው፣ ፈሪ በሉኝ። ሰይድ ከደሴ በደወለ ቁጥር “ቅንድበ ቆራጣውስ?” ይለኛል። እንዳየኋቸው ያውቃል፣ ግን ደጋግሞ መስማት ይወዳል።

“ፊቱን አይተሽዋል አይደል? ምን ይመስላል?”

“አክተር ነው የሚመስለው” እለዋለሁ።