ቱ ታ ለር

ባለፈው እሑድ አክስቴን ደብሬን ምሳ ልጋብዛት ብዬ እንጅባራ ውስጥ አዲስ ወደ ተከፈተ ሆቴል ብወስዳት፣ በሩ አናት ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «ቦን ኑዊ» የሚል ተጽፎ አገኘን። ባለቤቱ በፈረንሳይኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ያለ መስሎታል። አክስቴ ከባጃጁ እየወረደች በቀስታ አነበበችውና «በቀትር፣ ገና ሳንበላ፣ ደህና እደሩ ይለናል እንዴ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም፤ ያንን ፈረንሳይኛ ከማን እንደ ለመደችው አውቃለሁና።

ከተማችንን እንጅባራን ሁሉም ቆሰበር እያለ በሚጠራበት በልጅነቴ ዘመን፣ ታፈረ የሚባል ጎረቤት ነበረን፤ ድሬዳዋ ከፈረንሳዮች ጋር ሠርቶ የመጣ፣ ክረምት ከበጋ ካፖርቱን የማያወልቅ፣ ጭቃችን ጫማውን በነካው ቁጥር የሰደብነው ይመስል ፊቱን የሚያኮማትር። «ሙሴ በሉኝ» ይለን ነበር፤ በፈረንጆቹ አፍ ጌታው ማለት ነው። ክረምት ሲገባ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ፣ አክስቴ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ በምትሰፋበት በረንዳ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ፈረንሳይኛ ያስተምረናል። ዕድሜው አንቱ የሚያሰኝ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም አንቱ አልለውም።

ከትምህርቱ ሁሉ የጊዜ አነጋገር ላይ ይበረታል። ጠዋት መጥቶ «ቦን ኑዊ» ያለ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጣል፤ ወደ መኝታ ሲኬድ ብቻ የሚባል ነውና። «ካንዝ ዡር» ቃሉ አሥራ አምስት ቀን ቢልም ሁለት ሳምንት ማለት ነው ብሎ እንደ ትልቅ ምሥጢር ሲያንሾካሹክልን፣ «የዛሬ አሥራ አምስት» እየተባለ ያደግን ልጆች ምኑ እንደሚደንቅ ግራ ይገባን ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን «ቱ ታ ለር»ን ነው። ቅድምም ማለት ነው፣ ቆየት ብሎም ማለት ነው፤ ያለፈውን ከሚመጣው የሚለየው አብሮት ያለው ግስ ነው እያለ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል። አክስቴም መኪናዋን አቁማ ትሰማዋለች።

የምትሰማው ለፈረንሳይኛው ብላ አልነበረም። አገባሻለሁ ብሏታል። ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ ስትጠይቀው ካፖርቱን አራግፎ «ቱ ታ ለር» ይላትና ይሄዳል፤ እሷ ምስኪን ቆይ ማለቱ ነው ብላ የዚያኑ ካፖርት ገበር ትቀይርለታለች። ከጥሊሊ አንድ ደግ ሰው፣ ፈረሱ እንኳ እንደሱ ጨዋ የሆነ፣ ሽማግሌ ቢልክባት ቃል አለብኝ ብላ መለሰቻቸው። ቃል! የፈረንጅ ሰዓት ሲዛነፍ ጆሮ የሚቆነጥጥ፣ ለራሱ ቀጠሮ ግን ቁብ የሌለው ጉረኛ ቃል ምን ይረባል? በመጨረሻ እሷ የጠገነችለትን ካፖርት ለብሶ «ዳንግላ ደርሼ ልምጣ» አላት። መቼ ትመለሳለህ ብትለው ያችኑ መልስ ጥሎላት ሄደ፤ እዚያው የባለሱቅ ልጅ አግብቶ ወልዶ ከበደ።

በረንዳው ፈርሷል፤ መኪናዋም ዝጋ ጥግ ይዛለች። ይህ አያንገበግበኝም፤ ቤትም ብረትም ያረጃል። የሚያንገበግበኝ የአክስቴ ወጣትነት ነው፤ ያን የመሰለ ወጣትነት ለዚያ ካፖርት ገበር ሆኖ ቀረ።

በልተን ስንጨርስ፣ ያን ሁሉ ዘመን ምን ይዟት እንደ ጠበቀችው በንዴት ጠየቅኋት። እጇን በመሐረብ እያደረቀች ወደ በሩ ጽሑፍ ቀና አለች።

«ምን ላድርግ ልጄ፣» አለችኝ፣ «ቃሉን እንጂ ግሱን አልነገረኝም።»